ስምንት በር

እኔ አዘዞ፣ እሱ ማራኪ ላይ፣
ከጋሽ ቢያድግልኝ ወንበር በላይ፣
መስኮቱ በካርቶን በተደፈነ ክፍል
ባትሪ ሲሞላ፣ ሲያራግፍ፣ ሲሞላ ያድራል።
አርባውን ሌሊት ከዘለቀ ባትሪው
ጃናሞራ ነው የሚሄደው፣
የክትባት ፍሪጅ ነው የሚጠብቀው።

«ሁኔታህ?» ብዬ እጽፋለሁ ከስልኬ፤
አንድ ቁጥር ይመልሳል፣ ሳያበዛ፣ በልኬ።
ባዶ ካለ፣ ተኚ።
አሥራ ስድስት ካለ፣ ወሬ አለኝ፣ ስሚኝ።
ስልሳ አራት ካለ፣ ድረሺልኝ፣ ቶሎ ድረሺልኝ።

ከቁጥሩ ጀርባ ስምንት በር ያለው መዝገብ አለ።
የፋሲል ግቢ አሥራ ሁለት አለው፤
በተዝካሮ በር ሐዘንተኛ፣ በእምቢልታ በር ነፊ ሲገባ እንደ ዋለ፣
የኔም እቃ ነገሩን በየበሩ ይለያል፤
በአንዱ «ጨርሻለሁ» ይገባል፣
በአንዱ «ትእዛዝሽ አልገባኝም»፣
በአንዱ «ውስጤን አሞኛል፣ አልደብቅሽም»፤
መቶ ሃያ ስምንት በሚባለው፣ በዳሩ በር ደግሞ፣
«ጠፍቼ ነበር፤ ይኸው መጣሁ።»

ሌላም መዝገብ አለው፤ ያኛው ያሁኑን ብቻ ነው የሚያየው፣
ትናንት ምን ሆነ ቢሉት አይገደው።
ይኸኛው ግን ቂመኛ ነው፤
ለቅጽበት የተከፈተ በር፣
ተዘግቶም፣ ነገሩ አልፎም፣
ይዞት ይቀመጣል፣ አንባቢ እስኪመጣ ድረስ።

ወንፊትም አለ።
የትኛው በር ሲከፈት እንደምቀሰቀስ
የምወስን እኔ ነኝ።
ነሐሴ ላይ መብራት በሌሊት ሦስቴ ሲሄድ ሲመለስ፣
ስልኬ ሲጮህ፣ እኔ ስነሣ፣ ሲጮህ፣ ስነሣ፣
መቶ ሃያ ስምንትን ዘጋሁት።
ከዚያ ወዲያ ደህና ተኛሁ።

በሠላሳ አንደኛው ሌሊት ዝናብ ጣለ፣ ከአንገረብ በኩል የመጣ።
ጠዋት ደወልኩ፤ ጋሽ ቢያድግልኝ አነሡ።
«እንዴት አደሩ?» «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»
«ክፍሉስ?» «ደህና፤ ምን ይሆናል ብለሽ?»
«ጉንፋንዎስ?» «ተይኝ ባክሽ፣ ደህና ነኝ።»
ሦስት ደህና። ሦስት ባዶ።
እቃውንም ጠየቅሁት፣ ያሁኑን መዝገብ፤ እሱም ባዶ አለ።
ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ቂመኛውንም ገለጥኩት።
መቶ ሃያ ስምንት።

ጠፍቼ ነበር።
ልጠራሽ፣ በሩ ዝግ ነበር።

ባጃጅ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ።
እቃው በርቷል፤ መውጫው ግን ዝግ ነው፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ወዲህ
ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ እያለ ጽፏል፣
እጁ እንደሚያምር ተማሪ፣ በእርጋታ።
ጋሽ ቢያድግልኝ ግራ እጃቸውን ከጋቢው አላወጡም።

እንደምን ነዎት አላልኩም።
«ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን ነበር?» አልኩ።
ዝም አሉ።
ከዚያ ጄነሬተሩን አሉ፣ ገመዱን አሉ፣
ባትሪ መብራታቸው መድከሙን አሉ፣
በጨለማ ሲዳብሱ የጢስ ማውጫውን መያዛቸውን፣
የመዳፋቸው ቆዳ እዚያው መቅረቱን።
«ሥራሽ እንዳይቆም ብዬ።»
«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»
«ደህና ነዎት ወይ አልሽኝ። ደህና ነኝ አልኩሽ።
ሌላ መቼ ጠየቅሽኝ?»

እቃው ሲነበብ ይረሳል፤
አንዴ ካየሁት ቂሙን ጥሎ
ባዶ ይሆናል፣ እንደ ዛሬ የተገዛ።
እሳቸውን ግን አነበብኩ፣ ሰማሁ፣ አለቀስኩም፤
ፋሻውን ስፈታው
ቁስሉ እዚያው ነበር።

ከአንድ ጀመርን፤ ሠላሳ አንዱ ሌሊት ከሰረ።
መቶ ሃያ ስምንትን ከፈትኩት።
ትናንት ማታ ስልኬ ጮኸ፤ ስልሳ አራት።
ከእቃው በፊት የደወልኩት ለጋሽ ቢያድግልኝ ነው።
የተለመደችው «ደህና» ጥርሳቸው ላይ ስትደርስ፣
«ቆይ፣» አልኩ፣
«መጀመሪያ እጅዎን ይንገሩኝ።»